ረቂቅ ሐሳብን በዕለት ዕቃ ማሳየት፦ በጣና ዳር ለሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ

ትዕግሥት፣ መተማመን፣ ናፍቆት፣ አክብሮት የምንላቸው ነገሮች መልክ የላቸውም፤ ካሜራ ደግሞ መልክ የሌለውን ነገር አያነሣም። ፎቶግራፍ አንሺ እንዲህ ያለ ሐሳብ በምስል ለማሳየት ሲነሣ፣ ብርሃን የሚያርፍበት፣ ጥላ የሚጥል፣ የሰው እጅ የነካው አንድ የሚጨበጥ ዕቃ መፈለግ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖር ወይም ወደዚያ ለሚሄድ፣ ስልክም ይሁን ካሜራ ለያዘ ሰው፣ ዕቃውን እንዴት እንደሚመርጥ፣ እንዴት እንደሚያነሣና ምስሉ መናገር አለመናገሩን እንዴት እንደሚፈትን ያስረዳል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየዕለቱ ዐይተን የምናልፈውን ነገር ቆም ብሎ ማየት ነው።

በጎጃም ምድር ቆሞ ስለ ሰምና ወርቅ ማብራራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ቅኔን ለአገሩ ሁሉ ያስተማሩ ጉባኤ ቤቶች ናቸውና። ሆኖም የዚህ ሥራ ዋና ሕግ ከዚያው ስለሚቀዳ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው፦ በጥሩ ቅኔ ውስጥ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ወርቁ ያልተገለጠለት ሰው እንኳ ሰሙን ሰምቶ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ወርቁን ለማስገባት ሲባል ሰሙ ከተጣመመ ቅኔው ተበላሸ ማለት ነው። ጀበና እናትነትን እንዲያመለክትለት የሚፈልግ ሰውም በመጀመሪያ ጀበናውን ጀበና አድርጎ፣ ሸክላነቱን፣ ክብደቱንና ጥቀርሻውን ሳያጓድል ማንሣት አለበት። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ፍሬ የፈረንጅ ቃሪያ አንሥቶ ነበር፤ ቃሪያውን ያስቀመጠው ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ በሚያገለግል የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ሲሆን፣ ጠመዝማዛው ቆርቆሮ ብርሃኑን ከዙሪያው እየመለሰ የቃሪያውን እጥፋት ሁሉ አወጣው። ብዙ ተመልካቾች የሰው ገላ ያዩበታል፤ ምስሉ ግን ቃሪያነቱን ቅንጣት አልደበቀም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ይህን ይውሰድ፦ ዕቃው አስቀድሞ ራሱን ይሁን።

ዕቃ ከመፈለግ በፊት ሐሳቡን ማጥበብ ያስፈልጋል። «ሰላም»፣ «ፍቅር»፣ «ሕይወት» የሚሉት ቃላት ከመስፋታቸው የተነሣ ማንኛውም ምስል ሥር ቢጻፉ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ስለዚህም ለማንኛውም ምስል አይጠቅሙም። ሐሳቡን በማስታወሻ ደብተር ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ዐረፍተ ነገሩም የማን፣ ከማን ጋር፣ በምን ሰዓት የሚለውን ይመልስ። «ትዕግሥት» ብሎ ከመጻፍ «መረቡን ለመጠገን ሙሉ ጠዋት የሚቀመጥ ዓሣ አጥማጅ ትዕግሥት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። «ናፍቆት» ከማለት «ይመጣል ለተባለ ሰው የተቀዳ፣ ማንም ያልነካው ነገር» ማለት ይበልጣል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ራሱ ዕቃውን እየጠቆመ መሆኑን ልብ ይበሉ። በደንብ የጠበበ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ራሱ ይመርጣል።

ዕቃዎቹን ከየት እናምጣ? በኢንተርኔት ላይ ከሚታዩ ምስሎች የሚወሰዱትን መተው እመክራለሁ። ጊዜን በአሸዋ ሰዓት፣ ብልሃትን በቼዝ ጠጠር፣ ፍትሕን በሚዛን ማሳየት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአሸዋ ሰዓት በማን ቤት አለ? ተመልካቹ ምስሉን ሳያየው ትርጉሙን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አውቆትም ያልፈዋል። ከዚህ ይልቅ የአገሩ ሰው በንግግሩ ውስጥ ዘወትር የሚያነሣቸውን ዕቃዎች ይመልከቱ። ምሳሌያዊ ንግግሮቻችን በሎሚ፣ በእንቁላል፣ በብርሌ፣ በድር፣ በግንድ የተሞሉ ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ይዞ የአንበሳ ቅርጽ በክር ጠምጥሞ ያነሣ ሰው የተረቱን ሥዕል ሠራ እንጂ ስለ አንድነት ምንም አላሳየም። ተረቱ መንገድ መሪ ብቻ ይሁን፤ ወደ ድሩ ይውሰድዎት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዐይንዎ ይሥራ። ለምሳሌ የጋቢን ጫፍ ቀርበው ይመልከቱ፤ ድርና ማጉ ተጋጥመው የመጡበት ቦታ ላይ ሽመናው ያበቃና ክሮቹ ለየብቻቸው ይንጠለጠላሉ። ከጫፉ በላይ ብርድ የሚከላከል ጨርቅ ነው፤ ከጫፉ በታች ደግሞ በጣት የሚበጠስ ክር ነው። ሁለቱን በአንድ ክፈፍ ውስጥ ካስገቡ ስለ አንድነት የሚናገር ምስል አለዎት።

ዕቃው ያገለገለ ይሁን። ከስጦታ ዕቃ መደብር በዚያው ቀን የተገዛ አገልግል ንጹሕና ያማረ ነው፤ ነገር ግን ገና ማንም መንገድ አልሄደበትም። ያገለገለው አገልግል ቆዳው በማንገቻው በኩል ይለሰልሳል፣ ክዳኑ በአንድ ወገን ያዘነብላል፣ ስፌቱ በሌላ ቀለም ክር ይጠገናል። ሐሳቡ የሚያድረው በእነዚህ ምልክቶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ዕቃውን ለፎቶግራፍ ብሎ ማጠብና መወልወል ብዙ ጊዜ ምስሉን ይጎዳል። ዕቃውን የሚያውሱት እናቶችና አባቶች ግን «ቆይ ላጽዳው» ማለታቸው አይቀርም፤ ዕቃው እንዳለ ለምን እንደተፈለገ አስቀድሞ በአክብሮት ማስረዳት የፎቶግራፍ አንሺው ግዴታ ነው።

የቡና ዕቃ ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ በሁሉም ቤት አለ፣ ትርጉሙም ሩቅ አይደለም። ሁለት ምስሎችን ልጠቁም። የመጀመሪያው ጊዜን ይመለከታል፦ ከአቦሉ፣ ከቶናውና ከበረካው አንድ አንድ ስኒ አስቀርተው በነጭ ስኒ ጎን ለጎን ይደርድሩ። የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ይሳሳል፤ በሦስተኛው ዳር ዳር የስኒው ነጭነት በቡናው ውስጥ መታየት ይጀምራል። ማንም ሰው በክፈፉ ውስጥ ሳይገባ አንድ ከሰዓት ሲያልቅ ይታያል። ቀለሙን ለማሳየት ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለው ሳይሆን ዘንበል ብለው፣ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን እየመጣ ያንሡ፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊትዎ ከሆነ በቡናው ላይ ያንጸባርቅና ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

ሁለተኛው ምስል ከላይ የጠቀስሁት ናፍቆት ነው። ለአንድ ሰው ተቀድቶ ሳይጠጣ የቆየ ስኒ በላዩ ስስ ቆዳ ያወጣል፤ ቡናው በቀዘቀዘ ቁጥር ዝቃጩ ወደ ታች ይወርድና በስኒው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቡናማ ቀለበት ይቀራል። ያ ቀለበት የምስሉ ሁሉ ነገር ነው፤ የትኩረቱ ነጥብ እርሱ ላይ ይረፍ። ከበስተጀርባ የተጠጡና የተደፉ ስኒዎች ደብዘዝ ብለው ቢታዩ፣ ሌሎቹ ጠጥተው መሄዳቸውን ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቃል። ባዶ ወንበር ማስገባት ግን አያስፈልግም፤ ሁለት ምልክት ለአንድ ሐሳብ ሲበዛ ተመልካቹን መጠራጠር ይሆናል።

ነጭ ስኒ፣ ነጭ ጋቢና ጥቁር ጀበና የሚያነሣ ሰው አንድ ቴክኒካዊ ነገር ማወቅ አለበት። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ክፈፉን የሞላ ነጭ ጋቢ ሲያገኝ ብርሃኑን ቀንሶ ጋቢውን አመዳም ያደርገዋል፤ ጥቁር ጀበና ሲያገኝ ደግሞ ብርሃኑን ጨምሮ ጥቁረቱን ያፈዝዘዋል። ለነጩ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (ካሜራ የብርሃንን መጠን የሚለካበት ደረጃ) ይጨምሩ፤ ለጥቁሩ በዚያው ልክ ይቀንሱ። በስልክ ከሆነ ዕቃውን በጣት ነክተው የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት በቂ ነው። ስልክን ወደ ዕቃው በጣም ማስጠጋትም ቅርጹን ያዛባል፤ የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የጀበናው ሆድ ከልክ በላይ ይነፋል፣ አንገቱም ይቀጥናል። ወደ ኋላ ራቅ ብለው በሁለት እጥፍ ማቅረቢያው ቢያነሡ ዕቃው መልኩን ይጠብቃል።

ስለ ብርሃን ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለባሕር ዳር የሚሆነውን ብቻ ልናገር። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ደግሞ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። በእንዲህ ያለ ሰዓት ዕቃ ጥላውን ከሥሩ ያጥፋል፤ የቆዳው ስንጥቅ፣ የሸክላው ሸካራነት፣ የክሩ ጠመዝማዛ አይታይም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ ያገለገለ ዕቃን ምልክት ሁሉ ያወጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ወደ ሐይቁ ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው በአብዛኛው ወደ ሰሜን ይመለከታል፤ የጠዋቷ ፀሐይ በቀኙ፣ የማታዋ በግራው ናት። ውሃውን መደብ አድርጎ አንድን ዕቃ ለማንሣት ከዚህ የተሻለ የጎን ብርሃን የሚሰጥ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። በክረምት ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል፤ ጥላ የሚፈልግ ሐሳብ ግን እስከ መስከረም ይቆይ።

አሁን ወደ ደጅ እንውጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቦኖው ከመከፈቱ በፊት ቢጫ ጀሪካኖች በመስመር ይደረደራሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ከመስመሩ ውስጥ የሉም። ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ፣ ወይም ቤት ገብተው ሥራቸውን ይሠራሉ። ጀሪካኑ ተራቸውን ይጠብቅላቸዋል። አንዱ በእጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ ሌላው በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል፣ ሌላው የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎበታል። ጀሪካኗ ያልደረሰችላት ሴት ደግሞ በመስመሩ መካከል ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ይቆጠራል፣ ማንም አይገፋውም። መተማመንን ከዚህ ድንጋይ በላይ የሚያሳይ ዕቃ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሲያገኙ እስከ ጀሪካኖቹ እጀታ ዝቅ ይበሉ፤ ራቅ ብለው በማቅረቢያው ያንሡ፣ መስመሩ ተጠጋግቶ ይታያል። ትኩረቱ ድንጋዩ ላይ ይሁን፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ጀሪካኖች ደብዘዝ ይበሉ። ሰው በክፈፉ ውስጥ አይግባ፤ የምስሉ ኃይል የሰዎቹ አለመኖር ነውና። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ንግግር በዚህ ምስል ውስጥ ሳይጠራ ይገኛል፤ ስለዚህ እርሱን ለማስታወስ ሌላ ነገር መጨመር አይገባም።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ጉዳይ አለ። ድንጋዩ በመስመሩ ውስጥ ከሌለ ከመንገድ ዳር አንሥተው አያስገቡት። የተገኘን ነገር የሚያሳይ ምስል ዋጋው በመገኘቱ ላይ ስለሆነ፣ የተቀመጠ ድንጋይ ስለ መተማመን የሚናገረውን ምስል ራሱን የማይታመን ያደርገዋል። ይህ ሲባል አቀናብሮ ማንሣት ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ስሕተቱ የተቀናበረውን እንደ ተገኘ አድርጎ ማቅረብ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ዳሎል ስለ ውሃ የሠራቻቸው ፎቶግራፎች ከቀለሙ እስከ አቋሙ በግልጽ የተቀናበሩ ናቸው፤ ፊታቸው በቀለም የተቀባ፣ በደማቅ ቀለም ልብስ የተጎናጸፉ ሴቶችና የውሃ መያዣ ዕቃዎች በጨው ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ምስሎቹ አፈጣጠራቸውን ስለማይደብቁ ማንም አይታለልም። ሁለቱም መንገድ ክቡር ነው፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መከተል ብቻ ያስፈልጋል።

ጣና ሲነሣ ታንኳ ሳይነሣ አይቀርም። ከደንገል የተሠራችውን ታንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ በጥቁር ጥላ ማንሣት እጅግ የተለመደ ነው፤ ምስሉ ያምራል፣ የሚናገረው ግን ስለ ምሽት ነው እንጂ ስለ ታንኳይቱ አይደለም። ታንኳ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ትናገራለች። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ተመልሶም በዚያው ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከጊዜ በኋላ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ መልስ አውጥቶ በዳርቻው ቀጥ አድርጎ ያቆማትና ትንጠፈጠፋለች። ያገለገለች ታንኳ ለዘለዓለም አትቆይም፤ በአዲስ ትተካለች። ስለ ዕድሜ፣ ስለ ድካም፣ ስለ መታደስ ለሚያስብ ፎቶግራፍ አንሺ የቆመችው ታንኳ ከምትንሳፈፈው ትበልጣለች።

ቀርበው ሲመለከቷት ከታች በኩል ውሃ የጠጣው ደንገል ጠቁሮ፣ ከላይ ያለው ደረቅ ሣር መስሎ፣ በሁለቱ መካከል ወጣ ገባ ያለ መስመር ይታያል። በዚያ መስመር ላይ እጅዎን ቢያሳርፉ ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት ነው። ጫፎቹ ተፈትተው እንደ ብሩሽ ተበታትነዋል፤ አንዳንዴም በአሮጌው ደንገል ላይ አዲስ ማሰሪያ ተጠምጥሞ ያገኛሉ። አላፊነትን የሚፈልግ ሰው መስመሩን፣ ጽናትን የሚፈልግ ሰው አዲሱን ማሰሪያ ያንሣ። ሁለቱንም በአንድ ምስል ለመያዝ መሞከር ግን ሁለቱንም ያዳክማቸዋል። ታንኳ ለብዙ ቤተሰቦች የእንጀራ መሣሪያ ስለሆነች ባለቤቷን ሳያስፈቅዱ መንካትም ሆነ ማዞር ነውር ነው።

ዘጌ ላይ ሌላ ዕቃ አለ፦ ጫማ። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ገዳማት ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ከደጅ ይተዋል፤ የቆዳ ጫማ፣ ሸበጥና ኮንጎ በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን ይቀራሉ። አክብሮትንም ሆነ እኩልነትን ለማሳየት ይህ በቂ ነው። የጫማዎቹ አፍንጫ ወደ በሩ መዞሩን ያስተውሉ፤ ባለቤቶቻቸው ወዴት እንደሄዱ የሚናገረው እርሱ ነውና አንድም ጫማ አያስተካክሉ። ከማንሣትዎ በፊት ግን አባቶችን ያስፈቅዱ። መቋሚያን፣ መስቀልን፣ ጽናጽልን የመሳሰሉ ንዋየ ቅድሳትን ለግል ሐሳብ ማሳያ ይሁኑ ብሎ ቦታ ማስለወጥ ተገቢ አይደለም፤ ብልጭታ ብርሃንም በሥዕሎቹ ፊት አይጠቀሙ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መሆናቸውን ጀልባ ከመከራየት በፊት ማወቅ ይጠቅማል።

እምቦጭ የተለየ ችግር ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ለሚኖረው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የዕለት ጉዳይ ሆኗል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ካሜራ ይወደዋል። ያንን አበባ ብቻ አሳምሮ ያነሣ ሰው ሳያውቅ ለሐይቁ ጠላት ይመሰክራል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን አባባል በምስል ለማሳየት ግን ከእምቦጭ የሚሻል የለም፤ የሚያስፈልገው አበባውን ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር በአንድ ክፈፍ መያዝ ነው። ከውሃ የወጣ መረብ ሥሩ ጥቁር ፂም በመሰለ እምቦጭ ተጠላልፎ፣ አበባው አሁንም ሳይጠወልግ በላዩ ላይ ቆሞ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ ማንሣት ነው። መረቡ ሁለት ሦስተኛውን ክፈፍ ይያዝ፤ አበባው ዳር ላይ ትንሽ ሆኖ ይታይ። መጠኑ ከተገለበጠ ትርጉሙም ይገለበጣል።

ምስሉ ካለቀ በኋላ ፈተናው ይቀራል። ርእስም መግለጫም ሳይጨምሩ ለጥቂት ሰዎች ያሳዩ፤ ከመካከላቸው ፎቶግራፍ የማያነሣ ሰው ይኑርበት። በመጀመሪያ «ምን ታያለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ የዕቃውን ስም በቀጥታ ሊነግርዎ ይገባል። «ምን እንደሆነ አልገባኝም» ካለ ሰሙ ተበላሽቷልና ወደ ብርሃኑና ወደ ርቀቱ ይመለሱ። ቀጥለው «ምን አሳሰበህ?» ይበሉ። ሁሉም ዕቃውን ብቻ ደግመው ከጠሩ በክፈፉ ውስጥ የጎደለ ምልክት አለ ማለት ነው፤ ዕቃው አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዙሪያው ተጨናንቆ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ አጥቷል። ሁሉም ሳያመነቱ አንድ ቃል ከተናገሩ ደግሞ ዕቃው ቀድሞ የተበላ ምልክት ነው። በመካከል ያለው፣ ጥቂት ዝም ብሎ ከራሱ ሕይወት አንድ ነገር ማውራት የጀመረ ተመልካች፣ ምስሉ እንደሠራ ምስክር ነው። የተናገረው እርስዎ ካሰቡት ቢለይም አይሞግቱት፤ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ከጻፉት ዐረፍተ ነገር ጎን ይጻፉት።

መግለጫ ሲጽፉ የሐሳቡን ስም አይጻፉ። «መተማመን» የሚል ቃል ከድንጋዩ ምስል ሥር ከገባ ተመልካቹ ቃሉን አንብቦ ምስሉን ይተወዋል። «የቦኖ ተራ፣ ባሕር ዳር፣ ጠዋት» ይበቃል። ምስሉ የተቀናበረ ከሆነ መቀናበሩ በዚያው መስመር ይጻፍ፤ ዕቃውን ያዋሰው ሰው ስሙ እንዲጠቀስ ከፈቀደ እርሱም ይጠቀስ፣ ካልፈቀደ ደግሞ ሰፈሩ ብቻ ይበቃል።